ትንሽ ማለት ስንት ነው? የወ/ሮ ንጋቷ ቀለምወርቅ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ንጋቷ ቀለምወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ቀለምወርቅ ጉደታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ይመር ሚያዝያ 11 ቀን 1968 ዓ.ም. በአይሻ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ምጥ ሲጀምራቸው ወደ ድሬዳዋ የሚወስዳቸውን ባቡር ጣቢያው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ባቡሩ ዘገየ፤ ልጅቷ አልዘገየችም። የተወለዱት በጣቢያው ዕቃ ቤት፣ ወደ ጅቡቲ ሊጫኑ በተደረደሩ ጆንያዎች መካከል ነው። ወ/ሮ አስካለ በሕይወት ሳሉ «ያን ቀን ትንሽ ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት?» ይሏቸው ነበር። ልጃቸው ግን መጠበቅን እስከ መጨረሻው አልተማሩም።

እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ ሟች ሁልጊዜ ታጋሽና ዝምተኛ ሆነው ይቀርባሉ። ወ/ሮ ንጋቷን የሚያውቅ ሰው እዚህ ቆሞ ያን ቢሰማ፣ ሌላ ሰው ልንቀብር መጣን ወይ ብሎ ዙሪያውን ያያል። ስለዚህ እንደነበሩ እንጽፋለን። ወ/ሮ ንጋቷ ቸኳይ ነበሩ። ምሳቸውን ቆመው ይበሉ ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን አፍንጫው ወደ በሩ እንዲያይ አዙረው ያስቀምጡ ነበር፤ ለመውጣት እንዲመች። በስልክ ሲያወሩ ከሳሎን እስከ ውጭ በር ይመላለሱ ነበር። ራሳቸው አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላቸው እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ደግሞ ሰውን «አይንቀሳቀሱ» ማለት ነው።

አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአይሻ፣ ሁለተኛ ደረጃን አክስታቸው ቤት ተቀምጠው በድሬዳዋ ተከታተሉ። በ1988 ዓ.ም. በራጅ ሙያ በዲፕሎማ ተመርቀው ጅግጅጋ ተመደቡ። ምደባው ለሁለት ዓመት ነው ተብሎ ነበር። የትም የማይበረክቱት ሴት ጅግጅጋ ላይ ዕድሜያቸውን ጨረሱ።

ትዳራቸውም ከራጅ ክፍል አልራቀም። በከተማዋ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ የሆኑት አቶ ደሬሳ ቶላ በ1991 ዓ.ም. የጭነት መኪና በር ጣታቸው ላይ ተዘግቶባቸው ለራጅ መጡ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ዝም እንዲሉ ቢነገራቸውም የአደጋውን ታሪክ ይተርኩ ስለነበር እጃቸውም አብሮ ይተርክ ነበር። ፊልሙ በተበላሸ ቁጥር ወ/ሮ ንጋቷ ይናደዱ ጀመር፤ በመጨረሻ «ጌታው፣ ወይ አፍዎን ይያዙ ወይ እጅዎን» አሏቸው። አቶ ደሬሳ ይህን ቃል በሠርጋቸው ቀን ለታዳሚው ሁሉ አውርተውታል። በ1992 ዓ.ም. ተጋብተው ሴት ልጃቸውን ፌኔትን በ1994፣ ወንድ ልጃቸውን ኦብሳን በ1999 ዓ.ም. ወለዱ። አቶ ደሬሳ ከዚያ ወዲህም አፋቸውን አልያዙም ነበር። ከትናንት ጀምሮ ግን ዝም ብለዋል።

በመካከሉ በክረምት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አሟሉ፤ በሚሠሩበት ሆስፒታል የራጅ ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። እስከ 2010 ዓ.ም. ያለው የሕይወታቸው ታሪክ ይህ ነው። እሳቸው ይህን ሁሉ ዘመን «ከመማሬ በፊት» እያሉ በአንድ ትንፋሽ ያልፉት ነበር፤ እኛም እንለፈው።

በጥር 2010 ዓ.ም. ኤብላ የምትባል ወጣት ሴት ከጭነት መኪና ላይ ወድቃ ወገቧን ታማ ከደምበል በኩል መጣች። ኤብላ የግመል ወተት ነጋዴ ናት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ይተርፋል፣ ለሆስፒታል ግን አይበቃም። ወ/ሮ ንጋቷ ጠረጴዛው ላይ አስተኟት። እርጉዝ መሆኗን ጠየቋት፤ አይደለሁም አለች፤ የምታውቀውም ይህንኑ ነበር። ከዚያ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል እየገቡ በየቀኑ ለሁሉም የሚሉትን አሉ፦ «በቃ፣ አሁን ትነሻለሽ።»

አማርኛ ያሳደገን ሰዎች ራጅን እንደ ፎቶ «እንነሳለን»። ኤብላ የምታውቀው መነሳት ግን አንድ ብቻ ነው። ተነሳች። ጨረሩም በዚያው ቅጽበት ተለቀቀና ምስሉ የጭስ ክምር ሆነ። ወ/ሮ ንጋቷ መልሰው አስተኟት፣ መልሰውም «ትነሻለሽ» አሉ። ኤብላ ወገቧን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ትእዛዝ አክብራ እንደገና ተነሳች። ወ/ሮ ንጋቷ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥተው ለምን አርፈሽ አትተኚም ብለው ተቆጧት። ኤብላም ብትሆን የምትቆጣ ሴት ናት። «አንቺ ነሽ ተነሺ ያልሽው፣ ዶክተር» አለቻቸው።

ወ/ሮ ንጋቷ አፋቸው ላይ የነበረውን ቃል ያን ጊዜ ገና ሰሙት። ሦስተኛው ምስል በእጅ ምልክት ተሠራ። አጥንቷ ደህና ነበር።

ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ ኤብላ ተመልሳ መጣች። ለካ በዚያን ቀን በሆዷ ልጅ ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ይጎዳል ወይ? ወ/ሮ ንጋቷ «ምንም አይሆንም» አሏት። ኤብላ ፊታቸውን ትንሽ አየችና ሄደች።

በእኛ አገር «ምንም አይሆንም» መልስ አይደለም፤ የ«አይዞሽ» እኅት ነው። ወ/ሮ ንጋቷ ይህን የተረዱት ሴትዮዋ ከበሩ ከወጣች በኋላ ነው። ሐኪሞቹን ጠየቁ፤ ጨረሩ ትንሽ ነው አሏቸው። «ትንሽ ማለት ስንት ነው?» አሉ። አንዱ ሳቀ። ሌላው መጽሐፍ ይታይ አለ። ሦስተኛው፣ ይህን አስልቶ የሚነግርሽ የሕክምና ፊዚክስ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ በክልላችን የለም፣ እስኪመደብ መጠበቅ ነው አላቸው። ወ/ሮ ንጋቷን መጠበቅ ነው ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሆነውን ይገምታል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በጅግጅጋ የደረሰውን ሁከትና ዝርፊያ እዚህ የቆመ ሁሉ ስለሚያውቀው አንዘረዝርም። የአቶ ደሬሳ ሱቅ ባዶውን ቀረ፤ ቤተሰቡ የጎረቤታቸው የወ/ሮ ፈርዶውሳ ቤት ሰነበተ። ከመሀል አገር ዘመድ ሁሉ እየደወለ ከእንግዲህ እዚያ ምን አላችሁ አለ። ወ/ሮ ንጋቷ ከጅግጅጋ ወጡ፤ የወጡት ግን ሊማሩ ነው፣ ተምረውም ሊመለሱ። ልዩነቱን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፉም። ኤብላ ትታው የሄደችው የስልክ ቁጥር ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ አልሠራም።

በ2011 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ወድቀዋል። የጣላቸው ሒሳብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባችው ልጃቸው ከፌኔት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ መጽሐፍ፣ ካልኩለስን ከሀ ጀመሩ። ፌኔት ቀስ ብላ ስታስረዳቸው እሳቸው ገጹን ይገልጡባት ነበር፤ ከዚያ ሳይገባቸው ሲቀር መልሰው ይገልጡ ነበር። እናትና ልጅ በዚያ ዓመት ብዙ ተኮራርፈዋል። በ2012 ዓ.ም. ፈተናውን አልፈው አዲስ አበባ የሕክምና ፊዚክስ ትምህርት ጀመሩ።

የክፍል ጓደኞቻቸው አብዛኞቹ በልጆቻቸው ዕድሜ ያሉ ነበሩ። ከእነሱ መካከል ፉአድ የሚባል የሐረር ልጅ በፊዚክስ ተመርቆ የመጣ፣ ሒሳቡን እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ የራጅ ክፍል ግን ገብቶ የማያውቅ ነበር። «እትዬ ራጅ» ብሎ ስም አወጣላቸው። እሱ ቀመሩን ያሳያቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ቀመሩ የሚያርፍበትን ሰው። «ፉአድ፣ ያንተ ቀመር ውስጥ ያለው ታካሚ አያስልም» ይሉት ነበር። ፉአድ ዛሬ በሙያው ትልቅ ቦታ ደርሷል፤ ይህን አባባላቸውንም ለተማሪዎቹ እንደሚነግር ጽፎልናል።

የተማሩት ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። ራጅ ከብርሃን ጋር አንድ ዘር ነው፤ ጉልበቱ ግን ስለሚበልጥ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ይሄዳል። አጥንት ብዙውን ያስቀረዋል፣ ሥጋ ጥቂቱን፣ በአየር የተሞላ ሳንባ አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ምስል የምንለው የዚህ ልዩነት ጥላ ነው። ሰውነት ውስጥ የቀረው ደግሞ ጉልበቱን እዚያው ያራግፋል፤ ጉዳት ካለ የሚመጣው ከእሱ ነው። ወ/ሮ ንጋቷ «ሥዕሉ ባለፈው ነው፣ ሒሳቡ በቀረው» ይሉ ነበር። ጨረር ሲርቁት ቶሎ እንደሚደክም፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ሩብ እንደሚሆንም ተምረዋል። ይህ ሕግ ከሁሉ ይልቅ የተመቻቸው ስለሆነ ቤት ድረስ ይዘውት መጡ፤ ፌኔትና ኦብሳ ሲጣሉ «ርቀታችሁን እጥፍ አድርጉ፣ ጠቡ ሩብ ይሆናል» ይሏቸው ነበር። በእርግጥም ይሠራል።

ለመመረቂያ ጥናታቸው የመረጡት ነገር መምህራኑን አላስደሰተም። ወ/ሮ ንጋቷ በክልሉ ሰሜናዊ ከተሞች ራጅ ለምን እንደሚደገም፣ ድጋሚውም ሰው ላይ ስንት ጨረር እንደሚጨምር ሊለኩ ፈለጉ። ከመደጋገሚያ ምክንያቶቹ አንዱ «ትነሻለሽ» የሚለው ቃል ነው ብለው ሲጽፉ አማካሪያቸው ይህ ፊዚክስ ነው ወይስ ሰዋስው ብለው ጠየቋቸው። «ጨረሩ ቋንቋ አይለይም፤ ታካሚው ግን ይለያል» ብለው መለሱ። በመሀል ኮሮና መጥቶ ትምህርት ተዘጋ። በዓለም ላይ ስንት ሰው በዚያ በሽታ ተሠቃይቷል፤ ወ/ሮ ንጋቷ ከዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ በቀጥታ የደረሰባቸው መጠበቅ ነበር፤ እሱም በቃቸው። በ2014 ዓ.ም. ተመረቁ። ለምረቃው ፎቶ ዝም ብለው ስላልቆሙ በሁሉም ላይ ፊታቸው ደብዝዟል። በዚህ ጽሑፍ ፊት ገጽ ላይ ያለው ፎቶ ከመታወቂያቸው የተወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

ጅግጅጋ እንደተመለሱ በመጀመሪያው ቀን ያደረጉት፣ በራጅ ክፍሉ ውስጥ «መነሳት» የሚለውን ቃል በማንኛውም መልኩ መከልከል ነው። ባልደረባቸው ዐቦኮር በሶማሊኛ ምን መባል እንዳለበት አስተማራቸው፤ «ሀዳቃቂን»፣ አትንቀሳቀስ ማለት ነው። የእሳቸው አነጋገር እስኪስተካከል ታካሚዎች ይስቁ ነበር፤ ሳቅም ምስል ያበላሻልና ዐቦኮር ለጥቂት ሳምንታት በእሳቸው ፈንታ ይናገር ነበር። ሠራተኛው ከኋላቸው «እትዬ አትነሱ» ይላቸው ጀመር። ያውቁ ነበር። ቀጥሎ የተጠባባቂዎቹን አግዳሚ ወንበር ከራጅ ክፍሉ ግድግዳ አስነስተው ከኮሪደሩ ማዶ አስቀመጡት። «አስነሱት» ማለታችን ይቅርታ ይደረግልን።

ከዚያ የኤብላን ሒሳብ ሠሩ። ያን ቀን ማሽኑ በምን ላይ እንደነበር አልረሱም። ሦስቱም ምስሎች ተደምረው ጽንሱ ላይ ያደረሱት፣ ሰው ሁሉ ከመሬትና ከሰማይ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር ጋር የሚቀራረብ ነው። ለጽንስ ያሰጋል የሚባለው መጠን ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። መልሱ ተገኘ። የቀረው ጠያቂዋን ማግኘት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ደምበል ሄዱ። አቶ ደሬሳ ሰው ልከሽ አስጠይቂ ብለው ነበር፤ ሰው እስኪሄድና እስኪመለስ የሚጠብቅ ማን ነው። ደምበል ላይ ኤብላ ከባሏ ጋር አይሻ እንደሄደችና እዚያ ሻይ ቤት እንደከፈተች ነገሯቸው። በማግስቱ አይሻ ገቡ። ከልጅነታቸው ወዲህ ረግጠዋት አያውቁም ነበር። አሮጌው ጣቢያ በሮቹ ተነቅለው ቆሟል። የተወለዱበትን ዕቃ ቤት ለማየት አልቆሙም።

ሻይ ቤቱ ሲደርሱ ኤብላ እንግዳ መጣ ብላ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ወ/ሮ ንጋቷ ከልማድ የተነሳ «አትነሺ» አሏት። ኤብላ ቆማ ቀረች። ፊታቸውን አየች፣ አስታወሰች፣ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም፤ ከመጋረጃው ጀርባ አምስተኛ ዓመቷን የምትጠጋ ልጅ ብርጭቆ ይዛ ስትወጣ የግራ ክንዷ ከክርኗ በታች ጠማማ ነበር።

ልጅቷ ኢክራን ናት፤ ያን ቀን በሆድ የነበረችው። ክንዷን የሠራው ጨረር አይደለም። ከዓመት በፊት ከግንብ ላይ ወድቃ ተሰብራለች፤ ጤና ጣቢያው ራጅ ትነሳ ብሎ ወደ ድሬዳዋ ጻፈላት፤ ኤብላ እንቢ ብላ ወጌሻ ጋ ወሰደቻት፣ ወጌሻውም እንደቻለው አሰራት። ለምን እንቢ እንዳለች ሲጠይቋት «በሆዴ ሆና ሦስት ጊዜ ጠጥታለች፤ አራተኛ አልጨምርባትም» አለች። ልጅቷ ባተኮሳት ቁጥር፣ ጥርስ ባበቀለች ቁጥር፣ ጎረቤት ሁሉ ያ ራጅ ነው ይላት ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ልጇን እንደ ስንጥቅ ብርጭቆ ስትይዝ ኖራለች።

ወ/ሮ ንጋቷ ልጅቷ ምንም አልሆነችም አሉ። ኤብላ ሳትቆጣ፣ «ያን ጊዜም ምንም ነው ያልሽኝ» አለቻቸው።

ይህን ታሪክ ወ/ሮ ንጋቷ ራሳቸው ሲያወሩት እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይቆማሉ። ያ ሁሉ ካልኩለስ፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ መጥቶ መጥቶ ያንኑ ቃል ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ፣ በምስክር ፊት፣ ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ሻይ ተቀበሉ። «ምንም ማለቴ ስህተት ነበር፤ ትንሽ ነው» አሉ። «ትንሹ ስንት እንደሆነ ግን አሁን አውቃለሁ።» ከዚያ ስለ ምድርና ስለ ሰማይ ጨረር፣ ማንም ሰው አይሻ ላይ ቁጭ ብሎ በየዓመቱ ስለሚያገኘው፣ ስለ ሦስቱ ምስሎች፣ ሐኪም ስለሚፈራው መጠን፣ አንድ በአንድ ነገሯት። በመጨረሻ «ዜሮ ነው ግን አልልሽም» አሉ።

ኤብላ «አሁን አመንኩሽ» አለች። «ምንም የሚል ሰው ከበሩ እንድወጣለት ነው የሚፈልገው።»

ኢክራን በዚያው ሳምንት ጅግጅጋ መጥታ ክንዷ ራጅ ታየ። ወ/ሮ ንጋቷ ከመስታወቱ ጀርባ ራሳቸው «ሀዳቃቂን» አሏት፤ ምስሉ በአንዴ ወጣ። ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ቢገጥምም እጇ በደንብ ስለሚሠራ አይነካ አለ። ስለዚህ እንዲሁ ይኖራል። ወ/ሮ ንጋቷ ይህን በየአጋጣሚው ያነሱት ነበርና እኛም አንሸፍነውም፤ ልጅቷን የጎዳት ጨረሩ አይደለም፣ ሳያውቁ ለእናቷ የሰጡት መልስ ነው። ከዚያ ወዲህ ከራጅ ክፍሉ ማንም ሰው «ምንም አይሆንም» ተብሎ አልወጣም። ወ/ሮ ንጋቷ ባቢሌ፣ ደምበልና አይሻ እየተመላለሱ ማሽን ለኩ፣ ግድግዳ ለኩ፣ ሠራተኛ አሠለጠኑ። ሹፌሮች ይፈሯቸው ነበር፤ ከሹፌሩ ቀድመው መኪናው ውስጥ ይገኛሉና።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኘ። በሽታው ካንሰር ነበር። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም የጨረር ሕክምና አደረጉ። ያጠኑት ያው ጨረር፣ ጉልበቱ እጅግ ከፍ ብሎ፣ አሁን በእሳቸው ላይ ተነጣጠረ። ባለሙያዋ አይንቀሳቀሱ ስትላቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አልተንቀሳቀሱም፤ አፋቸው ግን ስለ ማዕዘኑና ስለ መጠኑ ይጠይቅ ስለነበር ልጅቷ የክፍሏን ኃላፊ መጥራት ግድ ሆነባት።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ጅግጅጋ ውስጥ ወሬ ተነሳ። ራጁ በላት ተባለ። ዐቦኮር ደውሎ፣ አንዲት የባቢሌ እናት የሚያስል ልጇን ይዛ ወረፋ ላይ ሳለች «ኃላፊያቸውን እንኳ በልቷታል» ብላ እንደሄደች ነገራቸው። የልጁ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን እንደሚችል ተገምቶ ነበር። ወ/ሮ ንጋቷ ያን ቀን ከበሽታው ይልቅ በዚህ ታመሙ። የኤብላ ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁን ግን ወሬው የተጣበቀው በራሳቸው ሰውነት ላይ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ከሕክምና ወደ ሕክምና ባለው ክፍተት ጅግጅጋ ይመለሱ ነበር። ሐኪሞቹ ዕረፊ አሏቸው። እሳቸው ራሳቸውን በሻሽ ሸፍነው ካሻገሩት አግዳሚ ወንበር ላይ ከታካሚዎቹ ጋር ይቀመጡ ጀመር። መቆም ስላቃታቸው ነው መቀመጣቸው፤ ሌላ ምክንያት አንፈልግለትም። የፈራ ሁሉ እዚያ ያገኛቸዋል። የባቢሌዋም እናት በዐቦኮር ጉትጎታ ተመልሳ ስትመጣ እዚያው አገኘቻቸው፤ ፊት ለፊትም ራጁ ነው ወይ ያሳመመዎት ብላ ጠየቀቻቸው። ደረታቸው ላይ ይለጥፉት የነበረው የጨረር መለኪያ በየዓመቱ ከሚፈቀደው እጅግ ያነሰ እንዳሳየ ነገሯት። እናታቸው ወ/ሮ አስካለ፣ የባቡር ሠራተኛ ሚስት፣ በዚሁ በሽታ እንዳረፉም ነገሯት። ከዚያ እንዲህ አሏት፦ «ጨረር ፊርማ አያኖርም። የኔን ማን እንዳደረገው አይታወቅም። የልጅሽ ሳል ግን ይታወቃል፤ ግቢ።»

ሴትዮዋ ገባች። ልጁ የስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል።

ይህ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ ሲያዝዙ ወ/ሮ ንጋቷ እንዲካተት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ ቀብር የሚመለስ ሰው ራጅ ገደላት እንዳይል፤ ራጅ አልገደላትም ብሎም እንዳይምል። ቤተሰቡም አደራቸውን ጠብቆ እንዲህ ይላል፦ አናውቅም። የሚታወቀው፣ ዕድሉ ትንሽ መሆኑ ነው። ትንሽ ማለት ስንት እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ዐቦኮርን ይጠይቅ፤ አስተምረውታል።

ወ/ሮ ንጋቷ ቀለምወርቅ በሽታው ተመልሶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በጅግጅጋ በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን አቶ ደሬሳ ቶላን፣ ልጆቻቸውን ፌኔትንና ኦብሳን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ኤብላ ከአይሻ መጥታ እዚህ ከእኛ ጋር ቆማለች። ኢክራንም አብራት ናት፤ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ በጠማማው እጇ ትጽፋለች፣ ግራኝ ናትና።

ለሁለት ዓመት በጅግጅጋም በአዲስ አበባም በጸሎት ላሰባችሁን፣ ደም ለሰጣችሁ፣ ስልክ ለደወላችሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤቷንና ጓዳዋን ለሰጠችን ለወ/ሮ ፈርዶውሳ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ዕረፍትን ሲሸሹ የኖሩትን ነፍስ እግዚአብሔር ዕረፍት ያስለምዳት። ሰውን ሁሉ «አትነሱ» ሲሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እናታችን፣ «ተነሱ» የሚለው ድምፅ በመጣ ጊዜ ደግሞ ቃሉን ሳይሳሳቱ ይስሙት። አንዴ ብቻ፣ ያለ ድጋሚ፣ ይነሡ።